በእጄ ስንት ይደርሰኛል?

ፕራግ የደረስኩት በ2017 መገባደጃ ላይ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሌሊቱን አውቶቡስ ውስጥ አድሬ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር፣ ሻንጣዬን በድንጋይ ንጣፉ ላይ እያንገጫገጭኩ ወደ አሮጌው ከተማ ገባሁ። ፕራግ ያለችባት ቼክ ሪፐብሊክ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም በዩሮ አትገበያይም። ገንዘቧ ኮሩና ነው። እኔ ኪስ ውስጥ ያለው ደግሞ ዩሮ ብቻ።

አደባባዩ ጥግ ላይ አንድ የምንዛሬ ቢሮ አየሁ። መስታወቱ ላይ በትልቁ «ኮሚሽን 0%» ተብሎ ተጽፏል። ከስሩ ሰሌዳ አለ፣ ሰሌዳው ላይ የዩሮ ምልክት፣ ከጎኑ ደግሞ 26 የሚል ቁጥር። ከአውቶቡሱ ሳልወርድ ስልኬ ላይ ያየሁትም ዋጋ 26 ገደማ ስለነበር ልቤ አረፈ። 200 ዩሮ አውጥቼ በመስኮቱ አቀበልኩ። ልጁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ቆጠረው። ወረቀት አተመ፣ «እዚህ ጋ ፈርም» አለኝ፣ ፈረምኩ።

የሰጠኝ 3,400 ኮሩና ነው።

በ26 ሲባዛ 5,200 መሆን ነበረበት። ተሳስቶ መስሎኝ ጠየቅኩት። በጣቱ ሰሌዳው ላይ ከቁጥሩ በታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየኝ። 26 ብዙ ገንዘብ ለሚመነዝሩ ሰዎች ነው፣ ላንተ ዓይነቱ 17 ነው። እንግዲያው ገንዘቤን መልስልኝ አልኩት። «ፈርመሃል» አለኝ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ወጣሁ።

ወደ 70 ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ነው አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የሄደው። ሰረቀኝ እንዳልል አልሰረቀኝም። ዋጋው ተጽፏል፣ ደረሰኝ አለ፣ ፊርማዬም አለበት። ግን ከገንዘቡ በላይ ለብዙ ቀን ሲያብከነክነኝ የከረመው ሌላ ነገር ነበር። ገንዘቡን ከማቀበሌ በፊት «ለዚህ ስንት ትሰጠኛለህ?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰው ከኋላዬ ቆሟል፣ ልጁ ተቻኩሏል፣ እንግዳ ነኝ፣ የሳንቲም ነገር የምቆጥር እንዳልመስል ብዬ ዋጥኩት። ያ የዋጥኩት ጥያቄ ነው 70 ዩሮ ያስከፈለኝ።

ለጓደኞቼ ሳልናገር ቆየሁ። ኋላ ላይ ሳወራው ግን አብዛኞቹ የራሳቸውን አወጡ። አንዷ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አንዱ ኤቲኤም ላይ፣ ሌላው ሆቴል ውስጥ። ሁሉም ያፈሩበት ነገር ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈው ያ ሀፍረት የእኛ መሆን የለበትም ብዬ ስለማምን ነው። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማንም ቁጭ አድርጎ አስረድቶን አያውቅም። ሰሌዳዎቹም እንድንረዳቸው ተብለው የተሠሩ አይመስሉም።

ከመሠረቱ ልጀምር።

ሁለት ገንዘቦች መካከል አንድ «እውነተኛ» የሚባል ዋጋ አለ። ባንኮች እርስ በርስ ሲገበያዩ የሚገዙበትና የሚሸጡበት ዋጋ መሃል ላይ ያለው ቁጥር ነው። ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ እሱ ነው፤ እኔ መሃለኛው ዋጋ እለዋለሁ። ይህ ገበያ እጅግ ግዙፍ ነው። የማዕከላዊ ባንኮች ባንክ የሚባለው፣ ስዊዘርላንድ ባዝል ያለው ተቋም በ2022 ባደረገው ጥናት በቀን 7.5 ትሪሊዮን ዶላር የሚያህል የውጭ ምንዛሬ ይለዋወጥ ነበር። በዚያ ገበያ ላይ በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለው ልዩነት፣ ዋና ዋናዎቹን ገንዘቦች ከወሰድን፣ ከአንድ ሳንቲም በታች የሆነ ቅንጣት ነው።

እኔና እናንተ ግን እዚያ ገበያ ውስጥ አንገባም። እኛ ያለነው መስኮቱ ጋ ነው። መስኮቱ ጋ ደግሞ ሁለት ዋጋ አለ፤ እንገዛለን እና እንሸጣለን። መጀመሪያ ሁላችንንም የሚያደናግረን እዚህ ጋ ነው። «እንገዛለን» የሚሉት እነሱ ናቸው። እናንተ ዶላር ይዛችሁ ስትመጡ እነሱ ዶላራችሁን ይገዛሉ፣ ስለዚህ የሚመለከታችሁ «እንገዛለን» የሚለው ዓምድ ነው፤ ሁልጊዜም ትንሹ ቁጥር። ከአገሩ ስትወጡ የተረፋችሁን ልትመልሱ ስትሉ ደግሞ ዶላሩን እነሱ ይሸጡላችኋል፣ ያኔ ትልቁ ቁጥር ይመጣል። ስትገቡም ስትወጡም የማይመቸው ቁጥር የእናንተ ነው። ቦርሳ ውስጥ የምትያዝ ትንሽ ሕግ ካስፈለገች ይህች ትበቃለች።

በቁጥር ላሳያችሁ፣ ለሂሳብ እንዲቀል ክብ ቁጥር ልውሰድ። መሃለኛው ዋጋ ለአንድ ዶላር 100 ነው እንበል። ቢሮው በ92 ይገዛል፣ በ108 ይሸጣል። 100 ዶላር ሰጣችሁ፣ 9,200 ተቀበላችሁ። ጉዞው ተሰረዘና ምንም ሳትነኩ በማግስቱ ልትመልሱት ሄዳችሁ። 9,200 ለ108 ሲካፈል 85 ዶላር ከምናምን ነው። ምንም አልበላችሁበት፣ ምንም አልገዛችሁበት፣ 15 ዶላር ግን የለም። ኮሚሽንም አልተቆረጠባችሁም። «ኮሚሽን 0%» የሚለው ጽሑፍ ሐሰት አይደለም ማለት ነው። ወጪው ኮሚሽን ውስጥ ሳይሆን ተመኑ ውስጥ ነው ያለው።

ለዚህ ነው ኮሚሽን የሚያስከፍል ቢሮ ሁሉ መጥፎ፣ የማያስከፍል ሁሉ ጥሩ ነው ማለት የማይቻለው። ተመኑ ጥሩ ሆኖ ትንሽ ኮሚሽን የሚቆርጥ ቢሮ በስንት ጣዕሙ። ግን ይህን ሁሉ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ ደክሞ፣ በማያውቁት ገንዘብ ማስላት ከባድ ነው። ስለዚህ ስሌቱን ለእነሱ መተው ይሻላል። ገንዘቡ ገና በእጃችሁ እያለ፣ «ይህን ያህል ብሰጣችሁ፣ ሁሉም ተቆራርጦ በእጄ ስንት ይደርሰኛል?» ቋንቋ ካልተግባባችሁ ካልኩሌተሩን በምልክት ጠይቁ፣ ቁጥሩን ይጽፉላችኋል። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ካልተስማማችሁ አመስግኑና ሂዱ። ገንዘቡ መስታወቱን እስካላለፈ ድረስ መሄድ ነፃ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያን በተመለከተ ብዙ አልልም። ኪራዩ ውድ ነው፣ የሚመጣው ሰው ደግሞ ደክሞታል፣ ታክሲ ይጠብቀዋል፣ ሌላ አማራጭም አጠገቡ የለም። ለዚህ ነው ተመኑ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው። ማረፊያው ጋ ለመጓጓዣና ለውሃ የምትሆነዋን ብቻ መንዝሩ፣ የቀረውን ከተማ ውስጥ። የማይጎዳባቸው ከተሞችም አሉ፤ ስልክ ላይ ያለውን ዋጋ አይቶ ማመዛዘን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ወደ ካርዱ ልምጣ። እዚህ ጋ በደንብ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም አሁን ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያጣው መስኮት ጋ ሳይሆን ማሽን ላይ ነው።

ኢስታንቡል ሆቴል ውስጥ ሂሳብ ስከፍል ነው የገባኝ። ካርዴ የዶላር ነው፣ ሂሳቡ በሊራ። እንግዳ ተቀባይዋ ካርዱን ማሽኑ ላይ አስገባች፣ አንድ ነገር ተጫነች፣ ማሽኑን ሰጠችኝ፣ የሚስጥር ቁጥሬን አስገባሁ። ደረሰኙ ሲወጣ ሂሳቡ በዶላር ነው። ከስሩ ደግሞ «በየትኛው ገንዘብ እንደምከፍል ምርጫ ተሰጥቶኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፣ እኔ የተናገርኩት ሆኖ። ማንም አልጠየቀኝም። መኝታ ክፍሌ ገብቼ ሳሰላው በመሃለኛው ዋጋ ከሚሆነው 9 በመቶ ይበልጣል።

የተፈጠረው ይህ ነው። በውጭ አገር በካርድ ስትከፍሉ ወይም ከኤቲኤም ስታወጡ አንድ ሰው ገንዘቡን መመንዘር አለበት። በአገሩ ገንዘብ ከከፈላችሁ የሚመነዝረው እንደ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ያለው የካርዳችሁ መረብ ነው፣ የእሱ ተመን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለመሃለኛው ዋጋ በጣም ቅርብ ነው። (ሁለቱም ድረ ገጻቸው ላይ የዕለቱን ተመን የሚያሰላ መሣሪያ አላቸው፣ አስቀድሞ ማየት ይቻላል።) ማሽኑ «በራስዎ ገንዘብ ይክፈሉ» ሲላችሁ እሺ ካላችሁ ግን የሚመነዝረው የማሽኑ ባለቤት ወይም ከጀርባው ያለው ኩባንያ ነው፣ ተመኑንም እሱ ነው የሚያወጣው። ትርፉም ብዙ ጊዜ ለሻጩ ይካፈላል። አንዳንድ ሻጮች በራሳችን ገንዘብ እንድንከፍል የሚገፋፉን ለዚህ ነው።

ኤቲኤሞቹ ላይ የሚያስቆጣኝ አንድ ነገር አለ። ገንዘቡን አዝዛችሁ ስትጨርሱ ሁለት አማራጭ ይመጣል፤ «ምንዛሬውን እቀበላለሁ» እና «አልቀበልም»። የመጀመሪያው አረንጓዴ ይሆናል፣ ሁለተኛው ቀይ ወይም ግራጫ። «አልቀበልም» ስትሉ ገንዘቡ የሚቀርባችሁ፣ ካርዱም የሚዋጥባችሁ ይመስላችኋል። አይቀርም። ማሽኑ ያንኑ ገንዘብ ይሰጣችኋል፣ ምንዛሬውን ግን የካርዳችሁ መረብ ይሠራዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ «አልቀበልም» የሚለውን ስጫን ጣቴ ተንቀጥቅጦ ነበር፣ እውነቴን ነው። ገንዘቡ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሌላውን ነክቼው አላውቅም።

የቪዛም የማስተርካርድም ደንብ ምርጫው የካርዱ ባለቤት ነው ይላል። ሻጩ ያለ ፈቃዳችሁ ከመረጠላችሁ «ሰርዝና በአገርህ ገንዘብ ድገመው» ማለት መብታችሁ ነው። እኔ ኢስታንቡል ላይ አላወቅኩም ነበር። አሁን ካርዱን ከመስጠቴ በፊት «በሊራ፣ እባክሽ» እላለሁ፣ ወይም የትም ብሆን በዚያ አገር ገንዘብ ስም። አንድ ቃል ናት። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ኤቲኤሞችና ሱቆች በአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን ላይ ስንት በመቶ እንደጨመሩ ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት እንዲያሳዩ አስገድዷል። ስለዚህ በኅብረቱ አገሮች ማሽኑ ላይ ያቺን የበመቶ ቁጥር ፈልጓት። ስታዩዋት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም።

ካርድ የራሱ ወጪ የለውም ማለቴ አይደለም። ብዙ ባንኮች ውጭ አገር ለሚደረግ ክፍያ የራሳቸውን በመቶ ይጨምራሉ። ኤቲኤሙም ለብቻው የሚያስከፍለው ሊኖር ይችላል፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ 20 አወጣችሁ 200 አንድ ስለሆነ፣ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠሩ ከማውጣት ለሦስት አራት ቀን የሚበቃውን ባንዴ ማውጣት ይሻላል። በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ከማውጣት ግን ተጠንቀቁ። ለዕቃ ግዢ የሚሰጠው ያለ ወለድ የመቆያ ጊዜ ለጥሬ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፣ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ከመሄዳችሁ በፊት ባንካችሁን ስለ ሁለቱም ጠይቁ፤ ውጭ አገር ስከፍል ስንት ትጨምራላችሁ፣ ጥሬ ገንዘብ ሳወጣስ ስንት። መልሱን በጽሑፍ ብትይዙት ደግሞ የተሻለ።

ካርዱ ሁሉን ነገር ይተካል የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደስ አይለኝም። መብራት ይጠፋል፣ መረብ ይቋረጣል፣ ባንኩ «ያልተለመደ እንቅስቃሴ» ብሎ ካርዱን ይዘጋል። ማሽኑ ካርዱን ሲውጠውም አይቻለሁ፣ ያውም ዓርብ ማታ። ሁለት ካርድ በተለያየ ቦታ፣ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ደግሞ በሦስተኛ ቦታ። ይህ ፍርሃት አይደለም፣ ልምድ ነው።

ጥሬ ገንዘቡ ራሱ ግን ባሕርይ አለው። ያንጎን፣ ሚያንማር ውስጥ፣ መስኮት ጋ ከፊቴ የነበረች ሴት አንድ መቶ ዶላር አቀበለች። ገንዘብ ከፋዩ ወደ ብርሃን አነሳው፣ ገለበጠው፣ በጥፍሩ ጠርዙን ነካካውና መለሰላት። ጥጉ ላይ ነጥብ የምታህል የእስክሪብቶ ቀለም ነበረችበት። ሌላ አወጣች፣ መሃሉ ላይ ታጥፏል፤ እሱም ተመለሰ። ሴትየዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ምክንያቱም የያዘችው እነዚያን ብቻ ነበር። ሁለቱን በኔ ሁለት ኖቶች ቀየርኩላት፣ የኔ አዲስ ነበሩ። በኋላ የሷን ሌላ አገር ስመነዝራቸው ማንም ምንም አላለኝም።

የሚገርመው፣ አሜሪካ ከ1861 ጀምሮ ያወጣችውን የወረቀት ገንዘብ ሁሉ ዛሬም በሙሉ ዋጋው ትቀበላለች። የአገሩ ሕግ እንዲህ እያለ፣ በሌላው የዓለም ጫፍ ያለ መስኮት ግን ማጠፊያ አይቶ ይመልሳል። መስኮቱም የራሱ ምክንያት አለው። ሐሰተኛ ይሆናል ብሎ ይፈራል፣ የተጎሳቆለውን እሱም ለሌላ ማስተላለፍ ያቅተዋል። ብዙ ቦታ በ2013 የወጣውን፣ ሰማያዊ ጥብጣብ ያለበትን መቶ ዶላር ይመርጣሉ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ለ1፣ ለ5 እና ለ10 ዶላር ኖቶች ከመቶው ያነሰ ተመን ይሰጣሉ። ስለዚህ ባንክ ስትቀበሉ ንጹሕ ኖት ለምኑ፣ መጽሐፍ ውስጥ ዘርግታችሁ ያዙት፣ ምንም አትጻፉበት።

ገንዘብ ያረጃል፣ ይሞታልም። አንድ የምቀርበው ሰው ከድሮ ጉዞው የተረፈ 50 ፓውንድ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት አስቀምጦ ነበር፣ ደግሞ ስሄድ ብሎ። ሄደ። ሱቁ አልቀበልም አለው። የወረቀቶቹ 20 እና 50 ፓውንድ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 በኋላ ሱቅ ውስጥ አይሠሩም፣ በፕላስቲክ ተተክተዋል። እሱ ግን ተናዶ ሊጥለው ሲል ነው የደረስኩበት። የእንግሊዝ ባንክ አሮጌ ኖቶቹን አሁንም ይቀይራል፣ በፖስታም ሳይቀር።

ሁሉም አገር እንደዚያ አይደለም። ዩሮ በጥሬ ገንዘብነት ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ነው፣ ያኔ 12 አገሮች የየራሳቸውን ገንዘብ ተዉ። የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ የድሮውን ማርክ ዛሬም ያለ ጊዜ ገደብ ይመነዝራል። የፈረንሳይ ፍራንክ ግን በፌብሩዋሪ 2012 በሩ ተዘጋበት፤ ከዚያ በኋላ ወረቀት ብቻ ነው። ህንድ ደግሞ በኖቬምበር 8 ቀን 2016 ማታ ላይ 500 እና 1,000 ሩፒ ኖቶችን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሻረቻቸው፣ ያኔ እዚያ የነበሩ መንገደኞች ኪሳቸው ሞልቶ እራት መክፈል አቅቷቸው ነበር። ክሮኤሺያም በ2023 መጀመሪያ ኩናን ትታ ዩሮ ገባች። መሳቢያችሁ ውስጥ የውጭ ገንዘብ ካለ ዛሬ አውጥታችሁ እዩት። ለሚቀጥለው ጉዞ ብሎ ማስቀመጥ ሁልጊዜ ማስቀመጥ አይደለም።

ከአገራቸው የማይወጡ ገንዘቦችም አሉ። የሞሮኮ ድርሃም እና የቱኒዚያ ዲናር እንደዚያ ናቸው፤ ውጭ አግኝቶ መግዛት ይከብዳል፣ ይዞ መውጣትም በሕግ የተገደበ ነው። እንዲህ ያለ አገር ስትሄዱ መጀመሪያ ስትመነዝሩ የተሰጣችሁን ደረሰኝ እንደ ፓስፖርት ያዙት። ስትወጡ የተረፋችሁን ለመመለስ የሚጠየቀው እሱ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ደረሰኙን ከቆሻሻ ጋር ጥዬ፣ የተረፈኝን ሁሉ ማረፊያው ውስጥ በማልፈልጋቸው ዕቃዎች ጨርሼዋለሁ። በብዛት ለሚይዙ ደግሞ፣ የአውሮፓ ኅብረት ሲገቡም ሲወጡም ጥሬ ገንዘቡ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ከሆነ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። አሜሪካ ደግሞ ከ10,000 ዶላር ከበለጠ። መያዝ አልተከለከለም፣ ሳይናገሩ መያዝ ነው የሚያስወርሰው።

መንገድ ላይ ስለሚመነዝሩትም ሳልናገር ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ሁልጊዜ የምጠየቀው እሱን ነው። ኦፊሴላዊው ተመንና የመንገዱ ተመን ሰማይና ምድር የሆኑባቸው አገሮች አሉ። ቦነስ አይረስ ፍሎሪዳ ጎዳና ላይ ለዓመታት «ካምቢዮ፣ ካምቢዮ» እያሉ የሚጠሩ ሰዎች ቆመው ነበር፤ መንግሥት ሰው ዶላር እንዳይገዛ ስለገደበ የተፈጠረ ገበያ ነው። እገዳው ለግለሰቦች በኤፕሪል 2025 ሲላላ የሁለቱ ተመን ልዩነትም ጠበበ። የሰዉን ችግር እረዳለሁ፣ እዚያ ተወልጄ ቢሆን እኔም ገንዘቤ በየወሩ ሲሟሽሽ ዝም ብዬ አላይም ነበር። እንግዳ ሆኜ ግን አላደርገውም። በብዙ አገር ወንጀል ነው፣ ሐሰተኛ ኖት ቢሰጣችሁ የምትከሱት የለም፣ መንዛሪው ቆጥሮ ሰጥቶ መልሶ ሲቀበል ጣቱ ምን እንደሚሠራ ዓይን አይከተለውም። «ፖሊስ መጣ!» ብሎ ተቻኩሎ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

መስኮት ጋ ጉልበት ማጣት የድሃ መንገደኛ ነገር ብቻ አይደለም። የአሜሪካን ኤክስፕረስ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበረው ጄ. ሲ. ፋርጎ አውሮፓ ሄዶ፣ ከትልልቆቹ ከተሞች ሲወጣ የያዘውን የባንክ ደብዳቤ የሚመነዝርለት አጥቶ ተቸገረ። ተናዶ ተመለሰና ለሠራተኛው ለማርሴለስ ቤሪ መላ እንዲፈልግ አዘዘው። በ1891 ትራቭለርስ ቼክ የወጣው እንዲህ ነው። ሲገዙት አንዴ ይፈርማሉ፣ ሲመነዝሩት መስኮቱ ፊት ደግመው ይፈርማሉ፣ ሁለቱ ፊርማ ከተመሳሰለ ይከፈላል። ቀላል ነገር ነው። ለብዙ አሠርት ዓመታት የመንገደኛ ሁሉ መተማመኛ ሆኖ፣ ኤቲኤምና ካርድ ሲመጡ ቀስ በቀስ ከሥራ ወጣ። አንድ የኩባንያ ፕሬዚዳንት መስኮት ጋ ቆሞ የተሰማው ነገር እኔ ፕራግ ላይ ከተሰማኝ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። ልዩነቱ እሱ የሚያዘው ሠራተኛ ነበረው።

እኛ የሚያዝልን የለንም፣ ሕግ ግን አንዳንዴ ይደርስልናል። በ2019 አንድ ዜና አነበብኩ። ቼክ ሪፐብሊክ የምንዛሬ ቢሮዎችን ሕግ አሻሽላለች። ከኤፕሪል 1 ቀን 2019 ጀምሮ፣ እስከ 1,000 ዩሮ የሚያህል ገንዘብ የመነዘረ ሰው በሦስት ሰዓት ውስጥ ሐሳቡን ቢቀይር፣ ደረሰኙን ይዞ ሄዶ ውሉን ማፍረስና ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ምክንያት አይጠየቅም። ለትልቅ ገንዘብ አንድ፣ ለትንሽ ሌላ እያሉ ሁለት ተመን መለጠፍም ቀረ። ዜናውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚያ መስኮት ጋ እንደኔ የቆሙት ሰዎች ብዙ እንደነበሩ፣ ከመካከላቸው ዝም ያላሉም እንደነበሩ ያኔ ነው የገባኝ።

ሕጉ ግን ተመኑን አልወሰነም። መጥፎ ተመን መለጠፍ ዛሬም ይቻላል። የሦስት ሰዓቱንም መብት የማያውቅ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም።

በ2022 በጋ ወደ ፕራግ ተመለስኩ። የዚያን ጊዜው ቢሮ አሁን ሌላ ነገር የሚሸጥ ሱቅ ሆኗል። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ግን ሌላ ቢሮ አለ፣ ከፊቱ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት ቆመዋል። ሽማግሌው እጁ ላይ ያለውን ገንዘብ ይቆጥራል፣ ይጨርሳል፣ እንደገና ይጀምራል። ሴትየዋ ደረሰኙን ይዛ ታነባለች። ያንን ቆጠራ አውቀዋለሁ። ሰው ቁጥሩ ሲጎድልበት ስህተቱ የራሱ የአቆጣጠር ይመስለዋል።

ሄጄ ስንት እንደመነዘሩ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ፈሩኝ። እንግዳ ሰው ገንዘብ ከያዘ ሰው ጋር ሲያወራ ማንም ይፈራል፣ ስለዚህ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆምኩ። 300 ዩሮ ነበር። ደረሰኙ ላይ ያለው ሰዓት ገና አርባ ደቂቃ አልፎታል። ስለ ሦስቱ ሰዓት ነገርኳቸው። ሴትየዋ እኔን ሳታምን ስልኳን አውጥታ ፈለገች፣ አገኘችው፣ ለሽማግሌው በቋንቋቸው አነበበችለት። እሱ ራሱን ነቀነቀ። አልገባም ማለቱ ነው። እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋ፣ ወደ ሰልፉ አሳየ፣ ትከሻውን ሰበሰበ። ምን እያለ እንደሆነ ቋንቋውን ሳላውቅ ገባኝ።

ደረሰኙን ከእጇ ተቀበላት። ቆየ። ከዚያ ገባ።

እኔና ሴትየዋ ውጭ ቀረን። በመስታወቱ ውስጥ ጀርባው ይታየናል። ወረቀቱን አስቀመጠ። ኮሩናዎቹን አስቀመጠ። ከውስጥ ያለችው ልጅ የሆነ ነገር አለችው፣ እሱ በጣቱ ደረሰኙ ላይ ሰዓቱን ነካ። ከኋላው የነበረ ወጣት ሻንጣውን ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው አዛወረ። ሽማግሌው ዞር አላለም። ልጅቷ መሳቢያ ከፈተች።

ሲወጣ ስድስት ባለ ሃምሳ ዩሮ በእጁ ነበር። መንገዱ ላይ አልቆጠራቸውም፣ እዚያው መስኮቱ ጋ ቆጥሮ ነው የወጣው።